ሽቅብ የሚወጣ ውሃ

በዋግ ኽምራ ውሃው ከታች ነው፣ ሰው ከላይ። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነስቶ በጥልቅ ሸለቆ ሲያልፍ፣ አፋፉ ላይ ያሉት መንደሮች ወንዙን ቁልቁል ያዩታል እንጂ አይጠጡትም። ክረምቱ አጭር ነው፤ ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይመጣና ይሄዳል። በጋው ሲበረታ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ቆላዎች ብዙዎቹ ገባር ወንዞች አሸዋ ብቻ ይሆናሉ። ሴቶችና ልጃገረዶች አሸዋውን ጭረው፣ ውሃው ከሥር እስኪያዥ ቁጭ ብለው ጠብቀው፣ በጣሳ እየጨለፉ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይሞላሉ። የመጀመሪያው ጥቂት ጣሳ ደፍርሶ ይደፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጠራ ያለ ይመስላል፤ በዓይን የማይታየውን ግን ማንም አላጣራውም። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ዳገቱን የሚያወጣው ወይ የሰው ወይ የአህያ ጀርባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ቹንሌ ጉዎና አናቶሊ ቮሮብየቭ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ ብረት በቁሙ አቁመው ታችኛውን ጫፉን ፈሳሽ አስነኩት። ፈሳሹ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ምንም ግፊት፣ በሴኮንድ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየሮጠ ብረቱን ሽቅብ ወጣው። ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወዲያውኑ የሄደው ወደ ዋግ ነው። ብረቱ ወንዝ ከገደል አያወጣም፤ የሚያወጣው እንደ ወረቀት የሳሳ የውሃ ንጣፍ ነው። ሆኖም ከዚያች ስስ ንጣፍ የተነሳው ሥራ ከ11 ዓመት በኋላ የደረሰበት ቦታ፣ ፀሐይ የተረፈውንና ንጹሕ ውሃ የቸገረውን አገር ሁሉ በቀጥታ የሚመለከት ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ሰዎቹ ሲጀምሩ ስለ ውሃ ጨርሶ አለማሰባቸው ነው። የሚያሳድዱት ብርሃንን ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በመሣሪያው ነው። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በካሊፎርኒያ ያበራው እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1960 ነው፤ ብርሃኑን ያገኘው በሩቢ ዘንግ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሌዘር ብልጭታ እያጠረ፣ ኃይሉም እያደገ ሄደ፤ ቆይቶ ግን ግድግዳ ገጠመው። ብልጭታው ከልክ በላይ ሲበረታ የሚያጎለብተውን መስታወት ራሱን ያቃጥለው ጀመር። ማለትም ማሽኑ የወለደው ብርሃን ማሽኑን ይሰብረዋል። ይህ ችግር ለዓመታት መፍትሔ አጥቶ ቆየ።

መፍትሔው የተገኘው እዚያው ሮቸስተር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ፈረንሳዊው ዤራር ሙሩና ካናዳዊቷ የዶክትሬት ተማሪው ዶና ስትሪክላንድ ያሰቡት መንገድ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አጭሯን ብልጭታ መጀመሪያ መዘርጋት፤ ስትዘረጋ ጉልበቷ በረዥም ጊዜ ላይ ስለሚበተን መስታወቱን አትጎዳም። ከዚያ ማጎልበት። በመጨረሻ እንደገና ሰብስቦ ማሳጠር። ለመዘርጊያነት የመረጡት ረዥም የመስታወት ክር ነበር፤ ብርሃን በክሩ ውስጥ ሲጓዝ ቀይ ቀለሙ ይቀድማል፣ ሰማያዊው ይዘገያል፣ ብልጭታዋም ትረዝማለች። ያዘዙት ክር 2.5 ኪሎ ሜትር ነበር። ብርሃኑን በአንድ ጫፍ ሲያስገቡ በሌላው ጫፍ አልወጣም፤ ክሩ መሐል ላይ የሆነ ቦታ ተበጥሶ ኖሯል። ብዙ ከተቸገሩ በኋላ በተረፈው 1.4 ኪሎ ሜትር ሠሩበት፤ በቃቸውም። ስለዚህ ሥራ የታተመው ጽሑፍ ስትሪክላንድ በሕይወቷ ያወጣችው የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሙሩ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ግማሽ አስገኘላት፤ ሽልማቱን በፊዚክስ ከወሰዱ ሴቶች ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥላ ሦስተኛዋ ሆነች።

በዚህ ዘዴ የሚገኙት ብልጭታዎች በፌምቶ ሴኮንድ ይለካሉ። አንድ ፌምቶ ሴኮንድ ለአንድ ሴኮንድ፣ አንድ ሴኮንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት እንደማለት ነው። በአንድ ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን በ65 ፌምቶ ሴኮንድ የሚሄደው ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ርቀት ነው። ይህን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ካዩት ሰዎች አንዱ የእኛው አህጉር ልጅ ነው። ግብጻዊው አህመድ ዘወይል አቶሞች ሲጣመሩና ሲለያዩ በፌምቶ ሴኮንድ ብልጭታ እየተከታተለ ያጠና ሲሆን፣ በዚህም እ.ኤ.አ. በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ተሸልሟል።

ዘወይል ብልጭታውን ለማየት ተጠቀመበት። ጉዎ ለመቅረጽ ፈለገው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ነገሩን ያሳያል። የአንዷ ብልጭታ ጉልበት 1 ሚሊ ጁል ቢሆን፣ ያ ከግራም አንድ አሥረኛ የሚመዝን ነገር አንድ ሜትር ከፍ ከማድረግ የማያልፍ፣ ኢምንት ጉልበት ነው። ይህችው ጉልበት በ65 ፌምቶ ሴኮንድ ውስጥ ስትለቀቅ ግን በዚያች ቅጽበት ኃይሏ ወደ 15 ሺህ ሜጋ ዋት ይደርሳል። የተከዜ ግድብ ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ የሚሰጡት 300 ሜጋ ዋት ነው። ሃምሳ ተከዜ መሆኑ ነው፣ በመርፌ ጫፍ ላይ የተሰበሰበ፤ ማሽኑ ግን ከተራ የግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ ወስዶ ይሠራል።

ታዲያ ይህ ኃይል ብረት ላይ ሲያርፍ ምን ያደርጋል? እንደ ተራ ሌዘር ረዘም ያለ ብልጭታ ቢሆን ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ ይሰራጫል፤ ብረቱ ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ጠርዙ ይበላሻል፤ ረቂቅ ቅርጽ አይወጣለትም። የፌምቶ ሴኮንድ ብልጭታ ግን ለሙቀት መሰራጫ ጊዜ አይሰጠውም። ብርሃኑን መጀመሪያ የሚውጡት በብረቱ ውስጥ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ እነሱ ነደው፣ ሙቀቱን ለአቶሞቹ ከማካፈላቸው በፊት ብልጭታው አልቋል። ቀጥሎ የላይኛው ስስ ገጽ ተፈንቅሎ ይበተናል፤ ጎረቤቱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ከዋግ ከተማ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ያየ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ያን ቤተ ክርስቲያን የሠሩት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረቡም፤ አለቱን እየፈለፈሉ የማያስፈልገውን አነሱ፣ የቀረው መስኮት፣ ዓምድና ቅስት ሆነ። ሌዘሩም በብረቱ ላይ የሚጨምረው ምንም ነገር የለም። ይፈለፍላል፤ መሮው ብርሃን ነው፣ ትንሿ ቅርጽም በናኖ ሜትር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል፣ የምትለካ ናት።

ሌዘር የመታው ገጽ ለስላሳ ሆኖ እንደማይቀር ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሚልተን በርንባውም የተባለ ተመራማሪ በሩቢ ሌዘር የተመታ ጀርማኒየም ላይ እኩል የተሰለፉ ረቂቅ መስመሮችን አይቶ መዝግቧል። ለብዙዎች ያ የጉዳት ምልክት ነበር። መስመሮቹን ፈልጎ፣ አስቦ፣ ለሥራ ለመፍጠር አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ሳይንስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ቆም እላለሁ፤ አንዱ እንደ ብልሽት የመዘገበውን፣ ሌላው ከአርባ ዓመት በኋላ የሥራው መነሻ ሲያደርገው።

ጉዎና ቮሮብየቭ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረጉት ጥቁር ብረት ነበር። ብረት የሚያብረቀርቀው ኤሌክትሮኖቹ የሚያርፍበትን ብርሃን መልሰው ስለሚልኩት ነው። እነሱ ግን የብረቱን ገጽ በብልጭታ ደጋግመው ሲመቱት በጉድጓድ፣ በእብጠትና በክር መሳይ ቅርጾች ተሞላ፤ ብርሃን ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፣ በተላተመ ቁጥርም ጥቂት ይዋጣል፣ መውጫ ሳያገኝ ያልቃል። ቀለም አልተቀባም፣ ሌላ ንጥረ ነገር አልተጨመረም፤ ያው ብረት ነው፣ ግን እንደ ከሰል ጠቆረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የብልጭታውን ልክ እየቀያየሩ ብረቱን ወርቃማ፣ ሰማያዊና ግራጫ አደረጉት። ቀጥሎም የአምፖል ክር መትተው፣ ያው አምፖል በአነስተኛ ኤሌክትሪክ የበለጠ እንዲያበራ አስቻሉት፤ ብርሃንን በደንብ የሚውጥ ገጽ ሲግል በደንብ ያወጣዋልና።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ሁሉ ብርሃን ነበር። የውሃው ነገር የመጣው ከዚሁ የብረት ገጽ ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

የተፈለፈለ ገጽ ለብርሃን ወጥመድ ከሆነ ለፈሳሽስ ምን ይሆናል? የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ፤ የሚነኩትም ነገር ይስባቸዋል። ለስላሳ አሉሚኒየም ላይ የወደቀ ጠብታ ጉብ ብሎ የሚቀመጠው የእርስ በርሱ መሳሳብ ስለሚበረታ ነው። ገጹ በጎድጓዳ መስመሮች ሲታረስ ግን ውሃው የሚነካው የብረት ስፋት እጅግ ይበዛል፤ ብረቱ ውሃውን ወደራሱ የሚስብበት ጉልበትም አብሮ ይበዛል። ፀጉር የምታክል ቦይ ውስጥ የገባች ውሃ ወደፊት ትሳባለች፤ ቦዩ ቀጥ ብሎ ቢቆምም አትመለስም፣ ክብደቷ ከሚስባት ኃይል ያንሳልና። የኩራዝ ክር ጋዝ የሚያወጣው በዚሁ ሕግ ነው። ብረቱን ልዩ የሚያደርገው ፍጥነቱ ነው፤ እንዲሁም ቦዮቹ ክፍት መሆናቸው፤ ውስጣቸው የተደበቀ ቀዳዳ የለም፣ ሁሉም ገጹ ላይ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ትልቅ ቁም ነገር ሆናለች።

ከ2009ኙ የብረት ሙከራ በኋላ በዓመቱ ሁለቱ ሰዎች ሲሊከን ላይ ውሃን እንዲሁ ሽቅብ አስኬዱ። ያኔ ያሰቡት ለኮምፒውተር ነበር፤ የሚግለውን ቺፕ ውሃ በራሱ እየተሳበ እንዲያቀዘቅዘው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ደግሞ ተቃራኒውን ይዘው መጡ። ፕላቲነም፣ ታይታኒየምና ናስ ላይ ሌላ ዓይነት ቅርጽ ፈልፍለው ውሃን ጨርሶ የማያስጠጋ ገጽ ሠሩ። ጠብታ ሲወድቅበት ነጥሮ ይነሳል፣ እንደገና ወድቆ ይነጥራል፣ ከዚያ ተንከባሎ ይሄዳል። መጥበሻ የሚለበጥበት ቴፍሎን ላይ ያለ ውሃ ተንከባሎ እንዲወርድ ገጹ ወደ 70 ዲግሪ ማዘንበል አለበት፤ በዚህኛው ከ5 ዲግሪ ያነሰ ዘንበል ማለት በቂ ነው። ከአቧራ መጥረጊያ ማሽን የወሰዱትን አቧራ በብረቱ ላይ በተኑና ውሃ ጠብ አደረጉበት፤ በሦስት ጠብታ ግማሹ አቧራ ተጠርጎ ሄደ፣ በደርዘን ገደማ ጠብታ ብረቱ ጸዳ፤ ደረቅ እንደሆነም ቀረ። ከሥራው ገንዘብ ሰጪዎች አንዱ የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ነበር። ጉዎ ያኔ ስለ ዝናብ ውሃ ማሰባሰቢያና ውሃ ሳይበዛ ንጹሕ ስለሚሆን መጸዳጃ ቤት መናገር ጀመረ፤ ብርሃን ፍለጋ የገባው ሰው ዝናብ ወደሚናፈቅበት አገር ፊቱን አዞረ።

የተከታዩ ግኝት ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ነው፤ የጻፉት ሱባሽ ሲንግ፣ መሐመድ ኤልካባሽ፣ ጉዎና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቡድኑ ሁለቱን የድሮ ግኝቶች በአንድ ሳህን ላይ አጋባቸው፦ ብርሃን የሚውጠውን ጥቁር ገጽና ውሃ የሚስበውን ቦይ። ብረቱም ውድ ፕላቲነም አልነበረም፤ አሉሚኒየም ነው፣ ድስትና ብረት ድስት የሚሠራበት።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጠፍጣፋው የአሉሚኒየም ሳህን አንድ ፊቱ በሌዘር ታርሶ ጠቁሯል። እግሩ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ውሃው ከታች ተስቦ ጥቁሩን ፊት በስስ ንጣፍ ያለብሰዋል። ፀሐይ የምታሞቀው ያችን ንጣፍ ብቻ ነው። ውሃን በበርሜል አስቀምጦ በፀሐይ ማሞቅ አድካሚ የሚሆነው ከታች ያለው ሁሉ ሙቀቱን ስለሚሻማ ነው፤ እዚህ ግን የሚሻማ የለም፣ የመጣው ሙቀት በሙሉ ለትነት ይውላል። የተነነው እንደተነነ ከታች አዲስ ውሃ ይተካዋል። ቆሻሻው፣ ጨዉና ከባድ ብረቶቹ ሳህኑ ላይ ይቀራሉ፤ እንፋሎቱ ብቻውን ይሄዳል፣ ተይዞ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ውሃ ነው። ተመራማሪዎቹ በሳሙና፣ በቀለም፣ በሽንት፣ በከባድ ብረቶችና በግሊሰሪን የተበከለ ውሃ ሰጥተውት የወጣው ለመጠጥ በሚፈቀደው ልክ ሆኖ አግኝተውታል።

ከዚህ በፊት በፀሐይ የሚያተኑ ብዙ ስፖንጅ መሳይ ነገሮች ተሞክረዋል። አብዛኞቹ ውሃ ላይ ተንጋለው ይንሳፈፋሉ፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ስታዘነብል አብረዋት ሊዞሩ አይችሉም። ቀዳዳዎቻቸውም ውስጣቸው ስለሆነ ቆሻሻው ሲደፍናቸው ለማጽዳት ያስቸግራሉ። የብረቱ ሳህን ቆሞ ስለሚሠራ ፀሐይን ተከትሎ ይዞራል። ቦዮቹም ክፍት ስለሆኑ ይታጠባል። ያቺ በ2009 እንደዋዛ የታለፈች ነጥብ ዋጋዋ እዚህ ታየ።

አሁን ይህን ሳህን በሐሳብ ዋግ ላይ እናቁመው። ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ትክክል አናቷ ላይ ትቆማለች፦ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በቡሄ ሰሞን። በቡሄ ደመናና ዝናብ ነው። በሚያዝያ ግን ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው፣ ገባር ወንዞቹም ደርቀዋል። ውሃ እጅግ የሚቸግርበት ወቅትና ፀሐይ እጅግ የምትበረታበት ወቅት አንድ መሆኑ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው።

ስሌቱም ይኸውላችሁ። በጥሩ ቀን አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ጉልበት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንለው፣ አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ደግሞ 2.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ቅንጣት ሙቀት ሳይባክን በቀን 9 ሊትር ውሃ ይተናል ማለት ነው። ቡድኑ በስስ ንጣፉ ውስጥ ያለ ውሃ ከዚህም ባነሰ ጉልበት እንደሚተን ዘግቧል፤ እኔ ግን በተለመደው ሕግ ማስላቱን መረጥሁ። ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን ሦስት ሊትር ይበቃዋል ብንል፣ አንድ ካሬ ሜትር ቢበዛ ለሦስት ሰው ነው። ለልብስ፣ ለፍየል፣ ለእርሻ አይሆንም። የጉድጓድና የቧንቧ ሥራን የሚተካ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። የሚሆነው ወደ ሕፃን አፍ ለሚገባው ውሃ ነው።

ይህ ደግሞ ለዋግ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የገባው ቃል በሰቆጣ ከተማ ስም የተሰየመው፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው፣ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን የሚቀነጭረው በምግብ እጥረት ብቻ አይደለም። በቆሻሻ ውሃ የሚመጣ ተቅማጥ ሲመላለስበት የበላው ምግብ ሰውነቱን አይገነባለትም፤ ለዚህም ነው ቃል ኪዳኑ ከጤናና ከግብርና ጋር ውሃን አብሮ የያዘው።

ውሃን አፍልቶ መጠጣትስ? ማፍላት ማገዶ ይፈልጋል። የዋግ ተራሮች አብዛኞቹ የተራቆቱ ናቸው፤ እንጨቱም እንደ ውሃው ከሩቅ በሴት ጀርባ ይመጣል። ጭሱም አለ። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ትውልደ ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ሰሎሞን ብልልኝ፣ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ወይራና ዋንዛ ያሉ የአፍሪካ ማገዶዎች ሲነዱ የሚያወጡት ብናኝ ብርሃንን እንዴት እንደሚውጥና እንደሚበትን የሚመረምረው በሌዘር ነው። አንዱ ሌዘር የማገዶን ጭስ ይለካል፣ ሌላው ማገዶ የማያስፈልገው ሳህን ይፈለፍላል። የአገራችን ሰው በመጀመሪያው ላይ እንዳለ ሁሉ በሁለተኛውም ላይ ቢኖር ምኞቴ ነው።

ከዋግ ራቅ ብሎም የሚጠቅምበት አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ የሚያልፈው ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ያጣምማል። ፍሎራይድ በማፍላት አይወገድም፣ እንዲያውም ይጠነክራል። በትነት ግን ከሳህኑ ላይ ይቀራል።

አሁን ስለሚቀረው ልናገር፤ የሚቀረው ብዙ ነው። ማትነን አንድ ነገር ነው፣ የተነነውን ይዞ መልሶ ውሃ ማድረግ ሌላ። ለመያዝ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ክዳን ያስፈልጋል፤ ክዳኑ ብርሃን ይቀንሳል፣ ጤዛው ሲለብሰው የበለጠ ይቀንሳል፣ ከፊሉ እንፋሎትም ያመልጣል። ይህ አዲስ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 በቺሊ በረሃ፣ ላስ ሳሊናስ በተባለ የማዕድን ሥፍራ፣ ጨዋማ ውሃን በመስታወት ክዳን ሥር በፀሐይ እያተነነ በቀን ከ20 ሺህ ሊትር በላይ የሚሰጥ ሰፊ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር፤ ስፋቱ ከ4 ሺህ ካሬ ሜትር የበለጠ ነው። ሲካፈል ለካሬ ሜትር አምስት ሊትር ገደማ ነው። ዛሬም ተራ የፀሐይ ማጣሪያ ሣጥን ከ2 እስከ 5 ሊትር መካከል ነው። በሌዘር የታረሰው ሳህን ብልጫው መታየት ያለበት በዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ ከክዳኑ ሥር ተጠራቅሞ በጀሪካን በሚገባው ሊትር።

ቀጥሎ አቧራው አለ። አቧራን የሚያባርረው በ2015 የተሠራው ውሃ የማያስጠጋ ገጽ ነው፤ ይኸኛው ግን ውሃ ወዳድ ነው፣ አቧራንም ከውሃው ጋር ይቀበላል። ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ውሃ ሲሆን ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። በየስንት ጊዜው ይታጠባል? በምን ይታጠባል? ውሃ በሌለበት የሚታጠብበት ውሃ ከየት ይመጣል? ሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ድርቅ የሚቋቋም ዘር በየአካባቢው አፈር ላይ እየዘሩ የሚለኩ ሰዎች ያሉበት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ያው ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውራ ጣት ስፋት ያላትን፣ በየጎኗ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ለመፈልፈል አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ እንዲህ ያሉ ከ1,500 በላይ ቁራጮች አሉ። ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ቢሠራ 65 ቀን ገደማ ነው፣ ለሦስት ሰው የመጠጥ ውሃ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዎ ሰባት እጥፍ ኃይለኛ ሌዘርና ፈጣን መቃኛ እየተጠቀሙ ሥራውን እንዳፋጠኑት ተናግሯል። ፍጥነቱ በኃይሉ ልክ ቢያድግ 65ቱ ቀን ወደ ዘጠኝ ይወርዳል፤ ሌዘሮች ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበረቱ፣ ዋጋቸውም እየቀነሰ ነው። ሳህኑ አንዴ ከተፈለፈለ በኋላ ሌዘሩ አያስፈልገውም፤ አንድ ማሽን ለብዙ ቀበሌ ሊሠራ ይችላል። ዘጠኙን ቀን ወደ ሰዓት ማውረድ የሌዘር መሐንዲሶች ሥራ ነው። ሳህኑ በአበርገሌ አቧራ፣ በአበርገሌ ውሃና በሚያዝያ ፀሐይ ስንት ወር እንደሚቆይ ግን ሮቸስተር ተቀምጦ ሊለካ አይችልም፤ ያ እዚያው አበርገሌ ላይ፣ በዚያው ውሃ በሚቀዱት ሰዎች እጅ መለካት አለበት።